ስዊች 2፦ ከወራት በኋላ ሒሳቡን ሳወራርድ

ስዊች 2 የሚባለው የኒንቴንዶ ኩባንያ የጌም ማጫወቻ (ኮንሶል) ቤታችን ከገባ ወራት አልፈዋል። ልጆቹም እኔም ወደነዋል። የሚጠይቀኝ ሰው ግን ስለ ጨዋታው ብዙም ግድ የለውም። «ያን ያህል ብር ይወጣበታል ወይ?» ነው ጥያቄው። ስለዚህ ከብሩ ልጀምር።

አሜሪካ ውስጥ ጁን 5 ቀን 2025 ለገበያ ሲወጣ ዋጋው 449.99 ዶላር ነበር። ማሪዮ ካርት ወርልድ የሚባለው ጨዋታ አብሮት ያለው ደግሞ 499.99። ጨዋታው ለብቻው 79.99 ስለሚሸጥ አብሮ መግዛቱ 30 ዶላር ያተርፍ ነበር። እኔም እሱን ወሰድኩ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ 6 በመቶ ታክስ ሲታከልበት 530 ዶላር ገባ። ገና ካርቶኑ ሳይከፈት ማለት ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮ የሚባለው ጆይስቲክ ሲወጣ 84.99 ዶላር ነበር። ከዚያ በፊት 79.99 ተብሎ ነበር። የአሜሪካ ታሪፍ (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ) ሲታወጅ ኩባንያው ቅድመ ትዕዛዙን ከኤፕሪል 9 ወደ 24 ገፋው፤ ሲመለስ የኮንሶሉን ዋጋ ሳይነካ የተጓዳኝ ዕቃዎቹን ከፍ አደረገ። ብልጠት ነው። ሰው የሚያወራው ስለ 449 ነዋ! ስለ ጆይስቲክ 5 ዶላር ማን ይከራከራል?

ሜሞሪውም ሌላ ወጪ ነው። ውስጡ ያለው 256 ጊጋባይት ብዙ ይመስላል። ሳይበርፐንክ 2077 የሚባለው ጨዋታ ብቻውን ወደ 60 ይወስዳል። ቤት ያለውን ሜሞሪ ካርድ እሰካለሁ ያለ ሰው አይሳካለትም፤ የስዊች 2 ጨዋታ የሚጫነው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ በሚባለው አዲስ ዓይነት ላይ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ከተለመደው ውድ ነው። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ለመጫወትም በዓመት 19.99 ይከፈላል፤ የቤተሰቡ 34.99 ነው። እኛ ቤት የቤተሰቡ አዋጥቶናል።

ዕቃው ራሱስ? 7.9 ኢንች ስክሪኑ ያምራል፣ እንቅስቃሴው ውሃ ነው። ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ እስከ 4ኬ፣ ማለትም በጣም ጥርት ያለ ምስል፣ ይሰጣል። እኔን ከሁሉም ያስደሰተኝ ግን የመጀመሪያው ስዊች የድሮ ጨዋታ ነው። የዜልዳን ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም ለስዊች 2 በ9.99 ዶላር አሻሽዬው ሌላ ጨዋታ ሆነብኝ። ባትሪው ግን ብዙም አያስመካም፤ ኩባንያው ራሱ ከ2 እስከ 6.5 ሰዓት ይላል፣ ከባድ ጨዋታ ላይ ወደ 2ቱ መጠጋቱ አይቀርም። ቻርጀር ይዞ መውጣት ነው።

«ቆይ፣ ይቀንሳል» የሚሉኝ አሉ። ድሮ ልክ ነበሩ። ፕሌስቴሽን 3 በ2006 ትልቁ 599 ዶላር ወጣ፤ በ2009 ቀጭኑ በ299 ይሸጥ ነበር። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ፕሌስቴሽን 5 በ2020 በ499 ወጥቶ በኦገስት 2025 ወደ 549.99 ጨመረ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስም በ499 ጀምሮ በዚያው በ2025 ሁለት ጊዜ ጨምሮ 649.99 ደረሰ። በጣም የገረመኝ የመጀመሪያው ስዊች ነው። በ2017 በ299.99 የወጣ ዕቃ ስምንት ዓመት አርጅቶ ወደ 339.99 ወጣ! ቺፕ እንደ ድሮው በየዓመቱ አይረክስም፤ ታሪፉም ተጨምሮበታል። እና እኔ ቅናሽ ጠብቁ ብዬ አልመክርም።

ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ረክሶ በ49,980 የን ይሸጥ ነበር የሚባለውም እውነት ነው። ያ ግን ጃፓንኛ ብቻ የሚናገር፣ የጃፓን አካውንት ብቻ የሚቀበል ነው። እርሱት።

የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ «አንድ ላኪልኝ» ይለኛል። አልላክሁለትም። ጓደኞቹ ሁሉ ያላቸው ፕሌስቴሽን 4 ነው፤ ሲዲ እየተዋዋሱ ነው የሚጫወቱት። ስዊች ይዞ ከማን ይዋሳል? በዚያ ላይ አንዳንዶቹ የስዊች 2 ካርዶች ጨዋታው ውስጣቸው የለም፤ ካርዱ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ጨዋታው ከኢንተርኔት ይወርዳል። ያንን ሁሉ ጊጋባይት በሞባይል ፓኬጅ ማውረድ አይታሰብም።

እዚህ አሜሪካ ላላችሁ፣ በተለይ ልጆች ላሏችሁ፣ ግዙት እላለሁ። ግን 450 ሳይሆን 650 ዶላር መድቡ። ፕሮ ጆይስቲኩን ለጊዜው ተዉት፤ አብረው የሚመጡት ሁለቱ ትንንሽ ጆይስቲኮች፣ ጆይኮኖቹ፣ ለሁለት ልጅ ይበቃሉ። መጀመሪያ ሜሞሪ ካርዱን ግዙ።