ምን ልማር ብላችሁ ለተጨነቃችሁ፦ የኦኔት ኢንተረስት ፕሮፋይለር

ኮሌጅ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ፣ ከገባሁስ ምን ላጥና እያልኩ እንቅልፍ ባጣሁበት ሰሞን ነው ይሄን ምን ዓይነት ሥራ እንደምትወዱ የሚያሳይ ቴስት የሞላሁት። ጓደኞቼ ሁሉ ኮምፒውተር ሳይንስ ስላሉ እኔም ኮምፒውተር ሳይንስ እል ነበር፣ ለምን ስባል ግን መልስ የለኝም።

ማይ ኔክስት ሙቭ የሚባል ሳይት ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ፣ ያሠራው የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር ነው። 60 ጥያቄ አለው ግን ፈተና አይደለም፣ ጡብ መደርደር፣ አዲስ መድኃኒት መሥራት፣ መጽሐፍ መጻፍ፣ ሱቅ ማስተዳደር እያለ ይጠይቃችኋል፣ እናንተ በጣም እጠላለሁ ከሚለው በጣም እወዳለሁ እስከሚለው ካሉት 5 ምርጫዎች አንዱን መንካት ነው። የወደድኩለት ስትመልሱ ትምህርቱ አለኝ ወይ፣ ገንዘቡስ ስንት ነው ብላችሁ አታስቡ ማለቱን ነው፤ እኔ እኮ እስከዛ ቀን የማስበው ስለሱ ብቻ ነበር!

ውጤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ሆላንድ በ1959 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሀሳብ መሠረት በ6 ዘርፍ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ከ40። የኔ ሶሻል የሚሉት ሰው የመርዳትና የማስተማር ሥራ 34፣ ኢንቨስቲጌቲቭ የሚሉት የምርምርና የጥናት ሥራ 29፣ ኮንቬንሽናል የሚሉት የመዝገብና የፎርም ሥራ ግን 11።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል፣ እባካችሁ እንዳታቆሙ። ቀጥሎ ጆብ ዞን የሚል አለ፣ ከ1 እስከ 5፣ ሥራው ምን ያህል ዝግጅት እንደሚፈልግ የሚያሳይ። 4 በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፣ 5 ከዛ በላይ፣ 3 ደግሞ ሙያ ሥልጠና ወይ አጠር ያለ የኮሌጅ ትምህርት። ለኔ ከወጡት መሀል ፊዚዮቴራፒስት 5 ላይ ነው፣ የፊዚዮቴራፒስት ረዳት ግን 3 ላይ፣ ሁለቱም የተጎዳ ሰው ቆሞ እንዲሄድ የሚያግዙ ናቸው። ልግባ አልግባ የሚለው ጥያቄዬ ያኔ ነው የተቀየረው፣ ለምወደው ሥራ ስንት ዓመት መማር እፈልጋለሁ ሆነ።

ጉድለቱን ልንገራችሁ፣ የሚለካው ፍላጎት እንጂ ችሎታ አይደለም፣ ባዮሎጂ ይከብዳችሁ እንደሆነ አይነግራችሁም። የሥራ ገበያ መረጃውም የአሜሪካ ስለሆነ ሌላ አገር ያላችሁ የራሳችሁን አጣሩ። ደግሞ ወላጅ አጠገባችሁ ተቀምጦ አትሙሉት፣ እኔ መጀመሪያ እንደዛ ሞልቼው ኢንቨስቲጌቲቭ ነበር አንደኛ የወጣው፣ ማታ ብቻዬን ስደግመው ነው ሶሻል የበለጠው። ከሁለት ሳምንት በኋላም ሞከርኩት፣ ሶሻል ከአንደኝነቱ አልወረደም።