97 የምትለዋን ቁጥር ላሳዩኝ ሰዎች

ይህን ምስጋና ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ልጄ ስድስት ወር ሞላት። አሁን ተኝታለች፣ ሳትነቃ ልጨርሰው።

እርግዝናዬ 26ኛው ሳምንት ላይ ሲደርስ የስኳር ምርመራ ታዘዘልኝ። ማታውን ሙሉ ምንም ሳልቀምስ አድሬ ጠዋት ሄድኩ። ደም ወሰዱ። ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውሃ ሰጡኝ፤ ከመጣፈጡ ብዛት ያቅለሸልሻል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ደም፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና። የሚያመኝ ነገር ስላልነበረ ጊዜዬን ያባከንኩ መስሎኝ ነበር።

ውጤቱን ያመጣችው አዋላጅ ነርስ አንዷን ቁጥር በእስክሪብቶ አከበበችልኝ። በባዶ ሆድ 97 (ሚሊግራም በዴሲሊትር)። «ሁለቱ ደህና ናቸው የኔ እህት። ይቺ ግን አለፈች፣ ገደቧ 92 ነው» አለችኝ። ምንም አያመኝም እኮ ስላት «አውቃለሁ፣ ለዚህ እኮ ነው የምንለካው» አለች።

92ን ማን ወሰነው? ቤት ገብቼ ሳነብ የዶክተር ቦይድ ሜትዝገርን ስም አገኘሁ። ቺካጎ በሚገኘው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሠሩ ተመራማሪ ናቸው። በ9 አገሮች፣ በ15 ማዕከላት፣ ከ23 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለውን ጥናት መርተዋል። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ያገኙት ነገር ቀላል ይመስላል፦ የእናትየው ስኳር ከፍ ባለ ቁጥር የልጁ ክብደትም ሆነ በኦፕሬሽን የመውለድ ዕድል አብሮ ይጨምራል። ስኳር በሽታ ሳይባል በፊትም ይጨምራል። «እስከዚህ ድረስ ምንም የለም» የሚባል ግልጽ መስመር አልተገኘም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ በ2010 አዲሶቹ ገደቦች ወጡ። በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153፤ የእርግዝና ስኳር ለመባል ከሦስቱ አንዷ ብቻ ገደቧ ላይ ብትደርስ ወይም ብታልፍ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ተቀበላቸው። ከዚያ በፊት የነበረው የድርጅቱ መለኪያ በባዶ ሆድ 126 ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ 140 ይል ነበር። የሁለት ሰዓቱ ውጤቴ 131 ነበር። በድሮው መለኪያ «ደህና ነሽ» ተብዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር ማለት ነው። ዛሬም ሁሉም አገር አንድ መለኪያ አይጠቀምም፣ ስለዚህ የእናንተን ሐኪም ጠይቁ።

ነርሷ ያስረዳችኝን እስካሁን አልረሳሁትም። የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች የደም ስኳርን የሚያወርደውን የእናትን ኢንሱሊን ሥራ ያከብዱበታል። ቆሽቷ ካልቻለ ስኳሯ ይወጣል። ስኳሩ ወደ ልጁ ያልፋል፣ የእናትየው ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ ልጁ በራሱ ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ይወፍራል። እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ ይቋረጣል፣ ኢንሱሊኑ ግን ገና አለ። ያኔ የሕፃኑ ስኳር በድንገት ይወርዳል።

ይህን ስሰማ የመጀመሪያ ልጄ ትዝ አለኝ። 4.6 ኪሎ ነበር። ሲወለድ ትከሻው ተይዞ ያየሁትን ጭንቀት ለማንም አልመኝም። ያኔ ማንም ስኳሬን አልለካኝም። ስኳር ይሁን አይሁን አሁን ማወቅ አይቻልም። ብቻ ቢለኩኝ ኖሮ እላለሁ።

በዚህኛው ግን ነርሷ አልለቀቀችኝም። በቀን አራት ጊዜ ጣቴን እየወጋሁ እለካና በደብተር እጽፋለሁ። እሷ በየሳምንቱ መስመር በመስመር ታየዋለች። ምግብ አከፋፈሌን አስተካከለችልኝ፣ ከበላሁ በኋላ እንድራመድ አደረገችኝ። ለኔ በቃኝ። ኢንሱሊን የሚያስፈልጋት እናት አለች፣ ያ ደግሞ የእሷ ጥፋት አይደለም። አንድም ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም፤ ቁጥሬ ሲወጣ «ትናንት ምን ነበር?» ብላ ብቻ ትጠይቀኛለች። ልጄ 3.3 ኪሎ ሆና፣ ስኳሯም ሳይወርድ ተወለደች።

እርጉዝ የሆናችሁ፣ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ ይህ ምርመራ ካልታዘዘላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። ስኳር ከተገኘባችሁ ደግሞ ደብተራችሁን ቁጭ ብሎ የሚያይላችሁ የስኳር ነርስ ፈልጉ። ከወለዳችሁም በኋላ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመለሱና ተለኩ፤ የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት በኋላ ስኳር የመያዝ ዕድሏ ከፍ ያለ ነው። እኔ ተለካሁ፣ ደህና ነኝ፣ በየጊዜው እንድመለስም ተነግሮኛል።

ዶክተር ሜትዝገር፣ ያንን የሚያቅለሸልሽ ውሃ ጠጥታችሁ ክንዳችሁን የዘረጋችሁ ከ23 ሺህ በላይ እናቶች፣ እና አንቺ ቁጥሯን ያከበብሽልኝ ነርስ፦ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ልጄ ነቃች።