የድሮ ቶርኖ የምትሸጡ ካላችሁ፣ መጀመሪያ እኚህን ሰው አማክሩ

ይህን የምጽፈው አንድ አዛውንት የቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚልግ ማሽን) ባለሙያን ለማመስገን ነው። ስሜ በአደባባይ አይውጣ ስላሉኝ የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አገናኘዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአጎቴ የቀረ ሳውዝ ቤንድ 9 ኢንች ቶርኖ ነበረን። አሜሪካ ሠራሽ፣ ዕድሜ የጠገበ ማሽን ነው። ቤተሰቡ ይሸጥ አለ። ግን በስንት? አንድ ደላላ መጣና ዙሪያውን እንኳ ሳያየው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ይሄ እኮ ብረት ነው፣ በኪሎ ነው የሚሄደው» አለን። ሌላው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያየውን ዋጋ እየጠራ «ቅርስ ነው፣ እንዳትሞኙ» አለ። የሁለቱ ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

እኚህ ሰው ሲመጡ ዋጋ የሚባል ነገር አላነሱም። ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪና ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት የሚለካ መሣሪያ) ይዘው ነበር። መጀመሪያ በቴልስቶኩ (ረጅም ሥራን ከጫፉ በሚደግፈው ክፍል) በኩል ያለውን የቤዱን (ሌላውን ሁሉ የሚሸከመውን ረጅም የብረት መደብ) ጫፍ ጠርገው ሴሪያል ቁጥሩን አነበቡ። ከዚያ ከፊት ያለውን የጊር ሳጥን አዩና «ሞዴል ኤ ነው፣ ጥሩ» አሉ። ይህ ማሽን ቢ እና ሲ የሚባሉ ወንድሞች አሉት። በእነሱ ላይ የብሎን ጥርስ ለማውጣት ጊሮቹን በእጅ እየፈቱ መቀያየር ግድ ነው። በኤ ላይ ግን አብዛኛው ሥራ ማንሻ በማንቀሳቀስ ያልቃል። ገዢ ለዚህ ልዩነት ከኪሱ ይጨምራል።

ብዙውን ጊዜ ያጠፉት ቤዱ ላይ ነው። ጥፍራቸውን ከሐዲዱ ላይ አሳርፈው ከቸኩ (ሥራውን ጨብጦ ከሚያዞረው መያዣ) አጠገብ ጀምረው ቀስ እያሉ ጎተቱት። የሆነ ቦታ ላይ ጥፍራቸው ቀጭን ጠርዝ ያዘ። «ና፣ ያንተንም ሞክረው» አሉኝ። በዓይን የማይታይ እርከን ነው፤ ጥፍር ግን አይስተውም። ቀጥለው ካሬጁን (መቁረጫውን ይዞ በቤዱ ላይ የሚንሸራተተውን ክፍል) ቸኩ ዘንድ አምጥተው መቆለፊያውን ለስለስ አድርገው አጠበቁና ወደ ቴልስቶኩ ገፉት። እየከበደ ሄዶ ቆመ። ቶርኖ ላይ ሥራው የሚበዛው ቸኩ አጠገብ ስለሆነ ቤዱም የሚበላው እዚያ ነው። ሌላው ጫፍ እንደ አዲስ ይቀራል። ረጅም ዘንግ ሲላግ ከአንዱ ጫፍ ወፍሮ የሚወጣውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሞተር ይቀየራል፣ ቀበቶ ይገዛል። የተበላ ቤድን ማስተካከል ግን ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ዋጋ በላይ ይጠይቃል። የኛ ተበልቷል፣ ግን መካከለኛ ነው አሉ።

ስፒንድሉን (ቸኩን የሚያዞረውን የማሽኑን ዘንግ) ደግሞ ቸኩ ላይ ብረት አስረው ወደ ላይ እያነሱ በዳያል ጌጅ ለኩት። ደህና ነው።

እኔን የገረመኝ የቆርቆሮ ሳጥኑ ነው። እኛ ቁርጥራጭ ብረት ነው ብለን ጥግ አስቀምጠነው ነበር። ዘርግፈው በዘይት ከጠቆሩት ጊሮች መሃል ትልቁን አነሡና ጥርሱን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ። 127። ፈገግ አሉ። ማሽኑ በኢንች የተሠራ ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ 127 ማለት የዚያ አምስት እጥፍ ነው። በዚህ ጊር የኢንች ማሽን የሚሊሜትር ጥርስ በትክክል ያወጣል ማለት ነው። ከዚያው ሳጥን ባለ አራት ጥፍር ቸክና ረጅም ዘንግ የሚደግፈው ስቴዲ ሬስት ወጡ። የድሮ ማሽን ሲሸጥ ዕቃዎቹ ተደምረው ራሱን ማሽኑን ሊያስንቁ ይችላሉ አሉን። ደላላው ያን ሳጥን በምርቃት ውሰድ ብንለው እንዴት ደስ ይለው ነበር!

በመጨረሻ በወረቀት ላይ ሦስት ግምት ጻፉ። አንዱ ቶሎ ለሚሸጥ፣ አንዱ ለሚታገሥ፣ አንዱ ዕቃዎቹን ለብቻ ለሚሸጥ። ከሥሩ ጉድለቶቹን ዘረዘሩ። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ዋጋ ስንጠይቃቸው «እሱ ሻጭ የተመኘው ነው፤ እኔ የምፈልገው ገዢ የከፈለውን ነው» አሉ። የወንድሜ ሐሳብ ማሽኑን ቀለም መቀባት ነበር፤ እሳቸው ግን እንዳትነኩት አሉ። በአዲስ ቀለም የተለቀለቀ አሮጌ ማሽን ገዢን ያስጠረጥራል። ይልቅ ዘይት ቀቡት፣ መብራት አገናኙና ሲዞር ይታይ አሉ።

እንድጠቁማቸው ያደረገኝ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የሚያስከፍሉት የድካማቸውን ብቻ ነው፤ ከሽያጩ ፐርሰንት አይቆርጡም። «እርስዎ ለምን አይገዙትም?» ብላቸው «የገመትኩትን አልገዛም» አሉኝ። ገማቹ ራሱ ገዢ ከሆነ ያ ግምት ሳይሆን ድርድር ነው።

ማሽኑ ከመሃለኛው ግምት ብዙም ሳይርቅ ተሸጠ። ገዢው ልክ እንደሳቸው ጥፍሩን ቤዱ ላይ ጎተተ። እኛ ግን ጉድለቱን ጽፈን አስቀድመን ስላሳየነው በዚያ ሰበብ ዋጋ ሊያወርድ አልቻለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሰውዬው ቸኩለው አያውቁም። ቶሎ ይለቅ የምትሉ ከሆነ ትናደዳላችሁ። ስትጠሯቸው ቤዱን ጥረጉ፣ መብራት አዘጋጁ፣ በየጥጉ ያለውን ጊርና ብሎን ሁሉ ሰብስቡ። እሳቸው ሳያዩት ምንም አትጣሉ።