ባለ 60 ግራሙ የቦቬዳ ከረጢት፦ ሲጋር ለሚያቆይ ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?

ቦቬዳ የሲጋር ሣጥን ውስጥ ገብቶ እርጥበቱን የሚጠብቅ ከረጢት ነው። ሣጥኑን በረጠበ ስፖንጅ ከማርጠብ ጣጣ ይገላግላል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ውስጡ ወፈር ያለ የጨው ውህድ አለ። ሣጥኑ ሲደርቅ በሽፋኑ በኩል እርጥበት ይሰጣል፣ ሲበዛ ደግሞ መልሶ ይስባል። ስፖንጅ መስጠት እንጂ መቀበል አይችልም።

ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር የሚጠብቀው እርጥበት ነው፣ በመቶኛ። ለእንጨት ሣጥን 69 ወይም 72፣ ክዳኑ ጎማ ላለው የፕላስቲክ ዕቃ 65 ይስማማል። ለዓመታት ለሚቀመጥ ሲጋር 65ን እንመርጣለን፤ 72ን ፕላስቲክ ውስጥ ያስገባ ሰው ጭሱ አልሳብ የሚል፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚነድ ሲጋር ይጠብቀዋል። ሣጥኑ መያዝ ለሚችለው ለእያንዳንዱ 25 ሲጋር አንድ ከረጢት ይገባል፤ ሣጥኑ ግማሹ ባዶ ቢሆንም ቁጥሩ አይቀነስም። 65ና 72ን አንድ ላይ ማድረግ ገንዘብ ማባከን ነው፦ አንዱ የሰጠውን ሌላው እየጠጣ፣ ያኛው ይደርቃል ይሄኛው ያብጣል።

አዲስ የእንጨት ሣጥን ሲጋር ከመግባቱ በፊት ባለ 84ቱን ከረጢት ይዞ ለ14 ቀን ይዘጋ። ያለዚያ ደረቁ እንጨት ከከረጢቱም ከሲጋሩም ይመጥጣል። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል የሚመክሩ አሉ፤ እንጨቱን ሊያጣምመው ስለሚችል ይቅር። ሲጋር ሲገባ ደግሞ 84ቱ ይውጣ፣ ሻጋታ ይጋብዛል።

«ቶሎ ደረቀብኝ» የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው የሣጥኑ ጥፋት ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ አብርታችሁ ሣጥኑ ውስጥ ዝጉበት፤ በክዳኑ ጠርዝ ብርሃን ከወጣ እርጥበቱም በዚያው ይወጣል። ደህና የእንጨት ሣጥን ውስጥ አንድ ከረጢት ከ2 እስከ 4 ወር ይቆያል፣ ፕላስቲክ ውስጥ ከዚያም በላይ። ጥቂት ጠጠር በጣት መዳሰሱ አያሳስብም፤ የሚቀየረው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅና ሲጠጥር ነው። ውሃ ውስጥ ነክሮ እንደገና መጠቀምን አንመክርም።

ሣጥኑ ላይ ተገጥሞ የመጣውን ባለ ቀስት የእርጥበት መለኪያ ሳትፈትሹ አትመኑት። በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው አድርጋችሁ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ጨው መርጠብ እንጂ መሟሟት የለበትም። ከመለኪያው ጋር በጥብቅ በሚዘጋ ፌስታል ውስጥ አንድ ቀን ይቆይ። ማሳየት ያለበት 75 ነው፤ 70 ካሳየ ሁልጊዜ 5 ጨምራችሁ አንብቡ።

ከረጢቱ መቆጣጠር የማይችለው ሙቀትን ነው። ሣጥኑ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቦታ ይቀመጥ፤ ከ24 ካለፈ ቅጠሉ ውስጥ የተደበቀው የትንባሆ ጥንዚዛ እንቁላል ሊፈለፈል ይችላል። መርፌ የወጋው የመሰለ ቀዳዳና ሲጋሩ በተጠቀለለበት ሴሎፋን ውስጥ ቡናማ ዱቄት ካያችሁ፣ ሲጋሮቹን በሙሉ በፌስታል አሽጋችሁ 3 ቀን ፍሪዘር ውስጥ፣ ቀጥሎ አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቆዩ። ከፍሪዘር በቀጥታ ወደ ሙቀት ከወጣ የላይኛው ቅጠል ይሰነጠቃል።