ዱኦሊንጎ፦ ለነጥቡ ነው ለጀርመንኛው?

ጀርመንኛ ልጀምር ለምትሉ ዱኦሊንጎ የሚባለው የቋንቋ መማሪያ አፕ አሪፍ ነው። በነፃ ይሠራል፣ ማስታወቂያ ቢኖረውም። አንዱ ትምህርት ጥቂት ደቂቃ ነው፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ትጨርሱታላችሁ። በየቀኑ ትምህርት ስትሠሩ የእሳት ምልክቷ ጎን ያለው የቀን ቁጥር ይጨምራል። ከቀራችሁ የአፑ ምልክት የሆነው አረንጓዴው ጉጉት መልእክት ይልካል። ከነሐስ እስከ አልማዝ ደግሞ 10 ሊግ፣ ማለትም የውድድር ደረጃ አለ፣ በየሳምንቱ ከማታውቁት ሰው ጋር ከትምህርቱ በምታገኙት ነጥብ ትፎካከራላችሁ።

ይሄ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ማበረታቻ ነው። ለጀማሪ በጣም ይጠቅማል። ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ዴሲ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ፣ እንቆቅልሽ ለመፍታት ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቀር በራሳቸው ፍላጎት የሚሞክሩበት ጊዜ ቀንሷል። ነጥብም እንደዛ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ከሊግ ላለመውረድ ብሎ የሚያውቀውን ቀላል ትምህርት ሲደጋግም ያመሻል፣ የጀርመንኛ ስም ፊት እየገቡ ጾታውን የሚለዩት ዴር፣ ዲ፣ ዳስ ግን ሳይለመዱ እዛው ባሉበት ናቸው።

እኔ የምመክረው፣ እሳቷን ያዙ፣ ሊጉን ተዉት። ፍራንክፈርት የተወለዱ የእህታችሁ ልጆች ካሉ ደግሞ እሁድ እሁድ ደውሉና የሳምንቱን ትምህርት እነሱ ላይ ሞክሩት። ልጅ ሲያርም አያፍርም፣ አይሰለችም።