ደሴ ላይ እማዬን ይዤ ሙዚየም ገብቼ ጥያቄ ይዤ ወጣሁ

ባለፈው ቅዳሜ እማዬን ይዤ ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ያለ አንድ ሙዚየም ሄድን። ስሙን አልጠራም፣ የምለው ነገር ሌላ ከተማም የገባሁባቸው ሙዚየሞች ላይ ያየሁት ስለሆነ አንዱን ለይቼ መውቀስ አልፈልግም። እማዬ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጣች ናት፣ ልጅነቷ ደግሞ ገጠር እንዝርት ስታሾር ነው ያለፈው፣ ይሄን ያነሳሁት በኋላ ስለሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። አስጎብኚው ልጅ ማሻአላህ ነው። ደሴ ውስጥ ተወልዶ ያደገ መሆኑ ያስታውቃል። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው እንደተኮሱ፣ አሜሪካኖቹ የሚሰሩበት ሆስፒታል እንኳን እንዳልተረፈ ነገረንና ዝም ብሎ ወደ ቀጣዩ አላለፈም፣ "ከመሀላችሁ ስለዛን ቀን ከቤተሰቡ የሰማ አለ?" ብሎ ጠየቀ። ከኋላችን የነበሩ አንድ አባት "አባቴ ወደ ጦሳ ተራራ ሮጦ ነው የተረፈው" ብለው ጀመሩ፣ ወላሂ ክፍሉ ፀጥ አለ፣ ሲጮሁ የነበሩት የተማሪ ልጆች ራሱ ቆመው ሰሙ። እኔ እስከዛሬ ሙዚየም ውስጥ ጎብኚ ሲጠየቅ አይቼ አላውቅም፣ ሁሌ የሚነገረን እኛ ነን።

ከዛ የባህል ዕቃ ክፍል ገባን። መስታወት ውስጥ እንዝርት፣ ደጋን፣ መዳመጫ ተደርድሮ "የሽመና ዕቃዎች" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። እማዬ ቆመች። "ልጄ ይሄ እኮ የሸማኔ አይደለም፣ የፈታይ ነው፣ ሸማኔ እኛ የፈተልነውን ተቀብሎ ነው የሚሰራው" አለችው። ልጁም ሳይከፋው "እስቲ ይንገሩን እናቴ" አላት። ጥጡ ድንጋይ ላይ በመዳመጫው ተዳምጦ ፍሬው እንደሚወጣ፣ በደጋኑ እንደሚነደፍ፣ ባዘቶ እንደሚሆን፣ ከዛ በእንዝርት ሲፈተል ለድር የሚሆነው ጠበቅ ተደርጎ እንደሚከር ለማግ የሚሆነው ግን ላላ እንደሚል እጇን እያንቀሳቀሰች ነገረቻቸው፣ ፋብሪካ ስትገባም ማሽኑ የሚሰራው ያንኑ መሆኑን አይታ እንደተገረመች ጨመረችበት። እኔ ልጇ ሆኜ ይሄን ሁሉ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

ግን ማን ጻፈው? ማንም። ልጁ አመሰገናት፣ ወረቀቱ እንደተለጠፈ ቀረ፣ እኛም ወጣን። በሩ ላይ ያለው መዝገብ የሚጠይቀው ስም፣ የመጣህበት አገርና ፊርማ ነው፣ አስተያየት የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ከላይ እስከታች "በጣም ጥሩ ነው" ተብሎ ተሞልቷል፣ ሌላ ምን ይጻፍ፣ ጥያቄው ራሱ ሌላ መልስ አይሰጥም። "እዚህ ካዩት ውስጥ ቤትዎ ያለ ዕቃ የቱ ነው? እናንተ ጋ ምን ይባላል?" ቢል እኮ ስንት ነገር ይሰበሰባል፣ አንዱ ዕቃ ደላንታና ቃሉ ላይ ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። መጻፍ ለማይችል ሰው ደግሞ በሞባይል ድምፁን መቅዳት ነው፣ ምንም ወጪ የለውም። በ2022 በፈረንጅ አቆጣጠር ፕራግ ላይ የዓለም ሙዚየሞች ምክር ቤት ሙዚየም ማለት ምን ማለት ነው የሚለውን እንደ አዲስ ሲጽፍ ማኅበረሰቡን አሳትፎ የሚሰራ የሚል አስገብቶበታል፣ ለኔ ማሳተፍ ማለት እማዬን መጠየቅ ነው።

ሌላው ወረቀቶቹ የተለጠፉበት ቦታ። ጉልበት ላይ ነው ያሉት፣ ፊደሉም ደቃቃ ነው፣ እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ጎንበስ ማለት አልቻለችም እኔ እያነበብኩላት ዞርን። ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። በ1916 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ማለትም ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ በተሸነፉበት ዓመት፣ ቤንጃሚን ጊልማን የሚባል የቦስተን ሙዚየም ሰው አንድ ጎብኚ ዕቃ ለማየት እንዴት እንደሚያጎነብስ ፎቶ እያነሳ ሙዚየም ሰውን የሚያደክመው በአሰራሩ ነው ብሎ አሳይቷል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው እኮ! መቀመጫም አንድ የለም፣ ጥበቃው ናቸው የራሳቸውን ዱካ አምጥተው እማዬን ያስቀመጧት፣ እግዜር ይስጣቸው።

አንድ ነገር ግን እኔው ነበርኩ የተሳሳትኩት። የብራና መጻሕፍቱ ክፍል ጨለማ ነው፣ ላይቱን እንኳን አያበሩም ብዬ ልናደድ ስል አስጎብኚው ብራናና ጨርቅ ብርሃን እንደሚጎዳቸው፣ ከ50 ለክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) በላይ እንዳያገኛቸው እንደሚመከር ነገረኝ። ገባኝ። ግን እሱ ባይኖር? አስር ቃል ያለው ማስታወሻ በሩ ላይ ቢለጠፍ ሰው ተማርሮ ከመውጣት እየተጠነቀቀ ይገባ ነበር።

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የወሎ ቅርስ ምን እንደደረሰበት ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ብሆን የጠፋው ዕቃ የነበረበትን ቦታ በሌላ ነገር አልሞላውም፣ ባዶውን ትቼ እዚህ ይሄ ነበረ ብዬ እጽፍበታለሁ፣ የሚያውቀው ሰው ካለም እንዲናገር እጠይቃለሁ። ልጆቻችን የተረፈውን ብቻ አይተው ያ ብቻ ነበር የነበረን ብለው እንዲያድጉ አልፈልግም።

ሰዓቱን በተመለከተ ቅዳሜ ግማሽ ቀን፣ እሁድ ዝግ ነው፣ በምሳ ሰዓትም ይዘጋል። ሰራተኛውና ተማሪው መቼ ይምጣ? ያመጣን የባጃጅ ልጅ በየቀኑ በበሩ ያልፋል፣ ገብቶ ግን አያውቅም፣ ለምን ስለው "ለፈረንጅ መስሎኝ" አለ። አስተዳዳሪዎቹ የገባውን ሰው በቲኬት ይቆጥራሉ፣ ያልገባውንስ ማን ይቁጠረው፣ ለምን እንዳልገባስ ማን ይጠይቀው? መግቢያው እኮ ውድ አይደለም፣ በሩ ላይ የሚጠራው ሰው ስለሌለ ነው።

በአጠቃላይ ሂዱ። ጠዋት ሂዱ፣ አስጎብኚው ሲጠይቃችሁ ዝም አትበሉ መልሱለት፣ ከቻላችሁ ትልልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እማዬ ከመጣን ጀምሮ የድሮ እንዝርቷን ከሳጥን አውጥታ ባዘቶ እያፈላለገች ነው፣ "ለዛ ልጅ ፈትዬ ላሳየው" ትላለች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰን ልንወጣ ነው።