ስፕሪንግ ስኖው፣ ፕሬሪፋየር ወይስ አዲሮንዳክ? ለቨርጂኒያና ለሜሪላንድ ግቢ የሚሆን ክራብአፕል

ሚያዝያ ላይ ችግኝ መሸጫ ገብቶ የማያምር ክራብአፕል ማግኘት ይከብዳል። የዚህ የጌጥ ፖም አበባ ግን ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው የሚቆየው፤ ቅጠሉን የምታዩት እስከ ጥቅምት ነው። ስለዚህ ከአበባው ቀለም በፊት ስለ በሽታው ጠይቁ።

ስፕሪንግ ስኖው ነጭ ያብባል፣ ፍሬ አያፈራም። ዛፉን መኪና ማቆሚያ ዳር ለሚተክልና ፍሬ መጥረግ ለማይፈልግ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳቱ ስካብ የሚባለው ፈንገስ በቀላሉ የሚይዘው መሆኑ ነው። ፈንገሱ በረገፈ ቅጠል ላይ ይከርምና ጸደዩ ቀዝቅዞ ሲዘንብ ወደ አዲሱ ቅጠል ይዛመታል። መጀመሪያ የወይራ ፍሬ ቀለም ያለው፣ ጠርዙ የደበዘዘ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ቀጥሎ ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ሐምሌ ላይ ዛፉ ግማሽ በግማሽ ይራቆታል። ነጠብጣቡ ከታየ በኋላ ቢረጩት የታመመው ቅጠል አይድንም፤ የሚረጨው እምቡጡ አረንጓዴ ማሳየት ሲጀምር ነው። የረገፈውን ቅጠል በየመኸሩ ጠርጎ ማስወገድም ያግዛል።

ፕሬሪፋየርና አዲሮንዳክ ስካብንም ዋግንም በደንብ ይቋቋማሉ። ዋጉ የሚመጣው የአገራችን ጥድ ዘመድ ከሆነውና በአካባቢው ከሞላው ሬድ ሲዳር ነው፤ ከጸደይ ዝናብ በኋላ የሬድ ሲዳሩ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጄሊ የተንጠለጠለ ብርቱካናማ እብጠት ታያላችሁ።

ፕሬሪፋየር ደማቅ ቀይ ሐምራዊ ያብባል፤ ጥቃቅን ቀይ ፍሬው ክረምት ድረስ ዛፉ ላይ ስለሚቆይ ወፍ ይጠራል። ቁመቱም ስፋቱም 20 ጫማ ያህል ስለሚደርስ ከግድግዳ ቢያንስ 12 ጫማ ይራቅ።

አዲሮንዳክ እዚያው ዋሽንግተን ዲሲ፣ በብሔራዊው አርቦሬተም (የዛፎች መካነ ጥናት) ተመርጦ በ1987 የወጣ ነው። ቀይ እምቡጡ ሲፈነዳ ነጭ ይሆናል። ወደ 18 ጫማ ቢረዝምም ስፋቱ 10 ጫማ ገደማ ነው። እድገቱ ዝግ ያለ ቢሆንም ለታውንሃውስ ግቢ ምርጫችን ይኸው ነው።

የትኛውንም ብትገዙ ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ጉድጓዱ ከሥሩ ኳስ (ሥሩ ከያዘው አፈር ጋር) ሁለት ሦስት እጥፍ ይስፋ እንጂ አይጥለቅ፤ ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከአፈር በላይ ካልታየ ዛፉ ቀስ በቀስ ይታፈናል። አፈሩ ላይ የሚነጠፈው ጉዝጓዝ (መልች) ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ግንዱን ግን አይንካ። የሚገረዘው በክረምት መጨረሻ ነው፤ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ መግረዝ የከርሞውን እምቡጥ ይቀንሳል። በሌላ ዛፍ ሥር ላይ የተቀጠለ ችግኝ ከሆነ ከሥር የሚወጡትን ቀንበጦች ሳይጠነክሩ ቁረጡ፤ ከተተዉ የሚያድገው የገዛችሁት ዝርያ ሳይሆን የሥሩ ነው።